ገንዘብ ሥልጣኔን እንዴት አሳደገ? ጥያቄና መልስ

ስለ ገንዘብ፣ ስለ ብድርና ስለ ባንክ ታሪክ የፈለጋችሁትን ጠይቁ። ሰፋ ማለት የሚገባውን አሰፋለሁ፤ ሌላውን ባጭሩ አልፋለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በትምህርት ቤት የተማርነው ሰዎች መጀመሪያ ዕቃ በዕቃ ይለዋወጡ ነበር፣ ሲቸግራቸው ሳንቲም ፈጠሩ፣ ብድርና ባንክ ከዚያ በኋላ መጣ የሚል ነው። ቅደም ተከተሉ ትክክል ነው?

መልስ፦ አይደለም። ብድር ከሳንቲም ቢያንስ በሁለት ሺህ ዓመት ይቀድማል። በደቡብ ሜሶጶጣሚያ በኡሩክ ከተማ የተገኙት ጥንታዊ የሸክላ ጽላቶች፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3200 ገደማ የተጻፉት፣ በአብዛኛው የገብስ፣ የከብትና የቢራ ርክክብ መዝገቦች ናቸው። ጽሕፈትን የወለደው ባለቅኔ ሳይሆን የመጋዘን ኃላፊ ነበር ብንል ብዙም አንሳሳትም። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዘመናት በባቢሎን አካባቢ የተለመደው ወለድ ለብር 20 በመቶ፣ ለገብስ ደግሞ የዋናው ሲሶ ነበር። ብሩ በሚዛን እየተመዘነ የሚከፈል እንጂ ምስል የታተመበት ሳንቲም አልነበረም። ንጹሕ በሆነ የዕቃ በዕቃ ልውውጥ ብቻ የኖረ ማኅበረሰብም እስካሁን በማስረጃ አልተገኘም። በትንሽ መንደር ውስጥ ሰው ለጎረቤቱ የሰጠውን በልቡ ይመዘግባል፤ ጊዜው ሲደርስ ይጠይቃል። ያም ብድር ነው።

ጥያቄ፦ ሲሶ ወለድ! ገበሬው ከዚህ ዕዳ እንዴት ይወጣ ነበር?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ አይወጣም ነበር። አዝመራው ሲከሽፍ መጀመሪያ መሬቱን፣ ከዚያ ልጆቹን፣ በመጨረሻ ራሱን ለአበዳሪው ባርነት ያስይዛል። የባቢሎን ነገሥታት ግን በየጊዜው የዕዳ ስረዛ አዋጅ ያወጡ ነበር። ጽሑፉ በሰፊው ተጠብቆ የደረሰን በ17ኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት የነገሠው የአሚሳዱቃ አዋጅ ነው። ርኅራኄ ብቻ አይመስለኝም፤ በዕዳ ባሪያ የሆነ ገበሬ ለንጉሡ ግብር አይከፍልም፣ ወታደርም አይሆንም። በጣም የምወድለት ነገር ሌላ ነው፦ አዋጁ የሰረዘው የችግር ብድርን ነው፤ ነጋዴዎች ለንግድ የተበዳደሩትን ወይም በሽርክና ያወጡትን ግን አልነካም። ለመኖር የተበደረንና ለማትረፍ የተበደረን መለየት ዛሬም ያልሠለጠኑበት መንግሥታት አሉ።

ጥያቄ፦ ብድር ከቀደመ ሳንቲም ምን አዲስ ነገር አመጣ?

መልስ፦ የማይተዋወቁ ሰዎችን አገበያየ። በተለይም ነገ የት እንደሚሆን ለማይታወቅ ወታደር ደመወዝ ለመክፈል ተመቸ። የመጀመሪያዎቹ ሳንቲሞች በዛሬዋ ምዕራብ ቱርክ፣ በልድያ፣ በሰባተኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ከወርቅና ከብር ቅይጥ ተሠሩ። አቴናውያን ደግሞ በላውሪዮን ማዕድን አዲስ የብር ሀብት ሲያገኙ፣ በ483 ከክርስቶስ ልደት በፊት፣ ገንዘቡን ለየዜጋው ለማከፋፈል አስበው ነበር። የአቴናው መሪ ቴሚስቶክሊስ ግን የጦር መርከብ እንሥራበት ብሎ አሳመናቸው። ከሦስት ዓመት በኋላ በሳላሚስ የፋርስን ባሕር ኃይል ያሸነፉት በእነዚያ መርከቦች ነው። ብሩን ከጉድጓድ ያወጡት ባሮች ከዚህ ድል ምንም እንዳልደረሳቸው ግን መጨመር አለብኝ።

ጥያቄ፦ ሮም የወደቀችው ሳንቲሟን ስላረከሰች ነው የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ መርከሱ እውነት ነው፤ የውድቀቱ ዋና ምክንያት ማድረግ ግን ምልክቱን ከበሽታው ማምታታት ነው። በአውግስጦስ ዘመን ዲናሪየስ የሚባለው ሳንቲም ከ95 በመቶ በላይ ብር ነበር። በ260ዎቹ መጨረሻ የሮም ዋናው የብር ሳንቲም የያዘው ብር ከ5 በመቶ በታች ወርዶ ነበር። ድንበሩ ሲጠቃ፣ ንጉሠ ነገሥት በንጉሠ ነገሥት ላይ ሲነሣ፣ የሠራዊቱ ደመወዝ እያደገ ሄደ። ሮም ደግሞ መንግሥት ከሕዝብ የሚበደርበት ቋሚ ሥርዓት አልነበራትም። የነገን ግብር አስይዞ ዛሬ ገንዘብ ማግኘት ስለማይቻል የቀረው ሳንቲሙን በመዳብ ማቅጠን ነበር። በ301 ዲዮቅልጥያኖስ ዋጋ ከዚህ አይለፍ ብሎ ለብዙ መቶ ዕቃዎች ጣሪያ አወጣ፤ ቅጣቱም እስከ ሞት ይደርስ ነበር። አልሠራም።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያው ባንክ የትኛው ነው?

መልስ፦ ባንክ በምትሉት ይወሰናል። እስከ ዛሬ ሳይዘጋ ከዘለቁት አንጋፋው በ1472 በጣሊያን ሲየና ከተማ የተመሠረተው ሞንቴ ዴይ ፓስኪ ነው።

ጥያቄ፦ ክርስትናም እስልምናም አራጣን ከልክለዋል። ታዲያ ባንክ በእነዚህ አገሮች እንዴት አደገ?

መልስ፦ ክልከላው ሰውን ወደ ሽርክና ገፋው። በእስላሙ ዓለም አንዱ ገንዘብ፣ ሌላው ድካም የሚያዋጣበትና ትርፉን የሚካፈሉበት ውል በሰፊው ይሠራበት ነበር፤ በጣሊያን ወደቦችም ተመሳሳይ የባሕር ንግድ ውል ተስፋፋ። ሐዋላም ከዚሁ ዓለም የመጣ ነው፤ ነጋዴው ወርቁን ተሸክሞ በረሃ ከሚያቋርጥ፣ በአንዱ ከተማ አስረክቦ በሌላው ይቀበላል። አውሮፓውያን ባንከሮች ደግሞ ወለዱን በምንዛሪ ውስጥ ሸሸጉት። በጣሊያኗ ፍሎረንስ በአንድ ገንዘብ የተሰጠ በዛሬዋ ቤልጅየም ባለችው በብሩዥ ከተማ በሌላ ገንዘብ ሲመለስ ልዩነቱ «የምንዛሪ ዋጋ» ይባል ነበር። ካህናቱም ነገሩን ያውቁታል፤ የፍሎረንሱ የሜዲቺ ቤተሰብ ባንክ ትልቁ ደንበኛ ራሷ የሮም ቤተ ክርስቲያን ነበረች።

ጥያቄ፦ ስፔን የአሜሪካን ብር ሁሉ ይዛ ሳለ ትንሿ ሆላንድ እንዴት በለጠቻት? ይህ ሁልጊዜ ግራ ያጋባኛል።

መልስ፦ ስጠብቀው የነበረ ጥያቄ ነው። በ1545 በዛሬዋ ቦሊቪያ በፖቶሲ ተራራ ብር ተገኘ፤ የስፔን ነገሥታትም በዘመናቸው ያልታየ ሀብት ገባላቸው። ሆኖም ፊልጶስ ዳግማዊ በ1557፣ በ1575 እና በ1596 ዕዳዬን በውሉ መሠረት አልከፍልም አለ። ብሩ ገና በመርከብ ላይ እያለ ለአበዳሪዎች ተይዞ ነበር፤ ንጉሡ ሲያጥፍ ደግሞ የሚከሰስበት ዳኛ አልነበረም። ስለዚህ ያበደረው ሁሉ የመካድ አደጋውን በወለድ ላይ ይጨምርበታል።

በሆላንድ የሚበደሩት የከተሞችና የግዛቱ ምክር ቤቶች ነበሩ። ለዕዳው የተወሰነ ግብር ይመደባል፤ ግብሩን የሚወስኑት የምክር ቤት አባላት ራሳቸው ከአበዳሪዎቹ መካከል ናቸው። ራሱን የሚክድ ማን አለ? በ17ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ሆላንድ የምትከፍለው ወለድ ወደ 5 ከዚያም ወደ 4 በመቶ ወረደ። ያ ማለት በተመሳሳይ ግብር የበለጠ መርከብና ሠራዊት ማሰለፍ ማለት ነው። በ1602 የተቋቋመው የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያም 6.4 ሚሊዮን ጊልደር (የሆላንድ ገንዘብ) ያህል ከሕዝብ ሰብስቧል፤ ከገዢዎቹ መካከል የቤት ሠራተኞች ሳይቀሩ ነበሩ። ባለ አክሲዮኑ ገንዘቡን ከኩባንያው ማውጣት ሲከለከል ድርሻውን ለሌላ መሸጥ ጀመረ። የአክሲዮን ገበያ የተወለደው ከዚህ ነው።

እኔ ከዚህ ሁሉ የምወስደው ድምዳሜ፣ መንግሥትን የሚያጠነክረው በግምጃ ቤቱ ያለው ብር ሳይሆን ቃሉን እንዳያጥፍ የሚያስገድደው ሰው መኖሩ ነው የሚል ነው። እንግሊዝም በ1688 ንጉሡን ለፓርላማ ካስገዛች በኋላ በ1694 የእንግሊዝ ባንክን አቋቋመች፤ ባንኩ ለመንግሥት በ8 በመቶ ወለድ 1.2 ሚሊዮን ፓውንድ አበደረ።

ጥያቄ፦ በዚህ አመለካከት የወረቀት ገንዘብ ፈጣሪዋ ቻይና ለምን አልቀደመችም?

መልስ፦ ረጅም ጊዜ ቀድማለች! በሲቹዋን የሚሠራበት የብረት ሳንቲም ለመሸከም የማይመች ስለነበር ነጋዴዎች የአደራ ደረሰኝ ይለዋወጡ ጀመር፤ በ1020ዎቹ የሶንግ መንግሥት ሥራውን ወረሰ። ኋላ የዩዋንና የሚንግ ነገሥታት ወረቀቱን ያለ ልክ አተሙት፤ በ15ኛው መቶ ዓመት ሕዝቡ ትቶት ወደ ብር ተመለሰ። «በቃ» የሚል ምክር ቤት ባለመኖሩ ይመስለኛል፤ ሌሎች የታሪክ ሰዎች ሌላ ምክንያት ያስቀድማሉ።

ጥያቄ፦ ያለ ገንዘብ ሥልጣኔ ሊኖር ይችላል?

መልስ፦ በደቡብ አሜሪካ ሰፊ ግዛት የነበራቸው ኢንካዎች ኖረዋል። ግብሩ ጉልበት፣ መዝገቡ የተቋጠረ ገመድ ነበር፤ በዚያ ብቻ ሺህ ኪሎ ሜትሮች መንገድና በእህል የተሞሉ ጎተራዎች ሠሩ። ገንዘብ አልነበራቸውም፤ ሒሳብ ግን ነበራቸው።

ጥያቄ፦ ብድርንና አክሲዮንን አሞገሱ፤ በዚሁ መሣሪያ የተሸጡት ሰዎችስ?

መልስ፦ ትክክለኛ ወቀሳ ነው። የአትላንቲክ የባሪያ ንግድ በብድር የተካሄደ፣ ኢንሹራንስ የተገባለት ሥራ ነበር፤ ሰው ራሱ ለብድር መያዣ ይሆን ነበር። እንግሊዝ በ1833 ባርነትን የሚሽር ሕግ ስታወጣ 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሳ መደበች፤ የተከፈለውም ለባሪያ ባለቤቶች ነው። ነጻ የተባሉት ሰዎች ምንም አላገኙም፤ አብዛኞቹ ለዓመታት ለቀድሞ ጌቶቻቸው ያለ ደመወዝ እንዲሠሩ ተገደዱ። ለካሳው መንግሥት የተበደረው ገንዘብ ተከፍሎ ያለቀው በ2015 ነው።