ኮንቨርትብል ሲሸጥ ቅድሚያ ለጣሪያው

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የሸራ ጣሪያው ተከፍቶ የሚታጠፍ የቅንጦት መኪናዬን (ኮንቨርትብል) ልሸጥ ነው። ሞተሩ ጤነኛ ነው። ጣሪያው ግን አንዳንዴ ሲከፈት ግማሽ ላይ ይቆማል፤ ዝናብ ሲጥል ደግሞ በሹፌሩ እግር በኩል ምንጣፉ ይርሳል። ዋጋ ቀንሼ ባለበት ልሽጠው ወይስ ላስጠግነው?

መልስ፦ መጀመሪያ ያስመርምሩት፤ ዋጋውን ከዚያ በኋላ ይወስኑ። ኮንቨርትብል ሊገዛ የመጣ ሰው ከሞተሩ በፊት የሚያስከፍትዎ ጣሪያውን ነው። ግማሽ ላይ ከቆመበት፣ ጥፋቱ የአንዲት ማብሪያ ማጥፊያ ቢሆን እንኳ፣ የሚያስቀንስዎ የሙሉውን ጣሪያ መቀየሪያ አስልቶ ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ብልሽቱ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው።

ከባትሪው ይጀምሩ። ሞተሩ ጠፍቶ ካደረ በኋላ ጤነኛ ባለ 12 ቮልት ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ከ12.2 በታች ከሆነ ቻርጅ ያስደርጉት፤ ከዚያም ጣሪያውን ሞተሩ እየሠራ ይሞክሩት። በብዙ ሞዴሎች የኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ዕቃውን ጣሪያው ከሚታጠፍበት ቦታ የሚለየው መጋረጃ በቦታው ካልተዘረጋ ጣሪያው ጨርሶ አይንቀሳቀስም፤ ይህን ሳያዩ ጋራዥ አይግቡ።

ቀጥሎ ጆሮዎን ይጠቀሙ። ጣሪያው በሃይድሮሊክ (በዘይት ግፊት) የሚሠራ ከሆነ፣ ፓምፑ እየጮኸ ጣሪያው ካልተነሳ ዘይት ጎድሏል ወይም ፓምፑ ደክሟል። ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ደርሶ ድምፁ ቀጥ የሚል ከሆነ ግን መጠርጠር ያለባቸው የጣሪያውን አቀማመጥ ለኮምፒውተሩ የሚናገሩት ትናንሽ ስዊቾች ናቸው። የትኛው እንደሆነ የጣሪያውን ኮምፒውተር ማንበብ የሚችል የብልሽት መመርመሪያ (ዲያግኖስቲክ) መሣሪያ ይለያል። ዘይቱ ጣሪያው ተከፍቶ ይለካ ወይስ ተዘግቶ በየሞዴሉ ይለያያል፤ መመሪያውን ይመልከቱ። ጎድሎ ከተገኘ ሞልቶ መተው ገዢን ማታለል ነው፤ የሚፈስበት ይፈለግ። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 2001 በተመረተው መርሴዲስ ኤስኤል (አር129) ከፊት መስታወቱ በላይ ያሉት የመቆለፊያ ሲሊንደሮች ሲያረጁ ዘይቱ እስከ ፀሐይ መከላከያው ድረስ ይንጠባጠባል። እንዲህ ባለ ጊዜ ሲሊንደሩን መጣል አያስፈልግም፤ ጎሚኒውን ብቻ ማሳደስ ይቻላል።

ወደ ውኃው እንምጣ። ጣሪያው በሚታጠፍበት ቦታ በግራና በቀኝ የውኃ መውረጃ ቀዳዳ አለ፤ ቅጠልና አቧራ ይደፍነዋል። ግማሽ ሊትር ውኃ ቀስ አድርገው ያፍስሱበት፤ ከመኪናው ሥር ወዲያው መውጣት አለበት። ካልወጣ በቀጭን ለስላሳ የናይሎን ገመድ ይክፈቱት። በኮምፕሬሰር አያስነፉት፤ ቱቦው ውስጥ ለውስጥ ከተነቀለ ባሰብዎት ማለት ነው። ምንጣፉን ደግሞ አስነስተው ከሥሩ ያለውን ስፖንጅ ጭምር ያድርቁ። በብዙ የቅንጦት መኪኖች የኤሌክትሮኒክስ ሳጥኖች እዚያ ወይም ከወንበር ሥር ስለሚቀመጡ፣ የዛሬው እርጥበት የነገ ምንጩ የማይታወቅ የኤሌክትሪክ ብልሽት ነው። የሻጋታ ሽታን በሽቶ መሸፈን ጥርጣሬን ብቻ ይጨምራል።

ሸራውን በለስላሳ ብሩሽና በቀላል ሳሙና ይጠቡ፤ ከፍተኛ ግፊት ያለው ውኃ በቅርብ አይርጩበት። ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አያጥፉት። የጠርዝ ጎማዎቹን በሲሊኮን ቅባት ይቀቡ፤ ግሪስ ጎማውን ያሳብጠዋል።

ጥያቄ፦ ማስታወቂያው ላይ ምን ላሳይ? ገዢ ሲመጣስ?

መልስ፦ ጣሪያው ተዘግቶ፣ ግማሽ ላይና ተከፍቶ ፎቶ ያንሱ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሳይቆራረጥ ከመክፈት እስከ መዝጋት የተቀረጸ ቪዲዮ ነው። የጥገና ደረሰኞችን፣ ሁለተኛውን ቁልፍና የጎማዎቹን ዕድሜ ያሳዩ፤ በጎማው ጎን ያሉት አራት አኃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2319 ማለት እ.ኤ.አ. የ2019 23ኛ ሳምንት ነው። ከተቻለ ጣሪያ መክፈት በሚያጓጓበት ደረቅና ሞቃት ወቅት ለገበያ ያውጡት።

ለሙከራ ሲወጡ የገዢውን መንጃ ፈቃድ አይተው አብረው ይሂዱ። በውሉ ላይ ኪሎ ሜትሩንና የሚያውቁትን ጉድለት ሁሉ በጽሑፍ ያስፍሩ፤ ኋላ ክርክር ቢነሳ የሚጠቅመው እርስዎን ነው። ገንዘቡ ሒሳብዎ ውስጥ መግባቱን ከባንኩ ራሱ ሳያረጋግጡ፣ በደረሰኝ ፎቶ ብቻ ቁልፍ አይስጡ። ከማስረከብዎ በፊት ከመኪናው ስክሪን ላይ ስልክዎንና የቤት አድራሻዎን ያጥፉ፤ መኪናውንም ከአምራቹ መተግበሪያ ያስወጡ፤ አለዚያ አዲሱ ባለቤት በሚነዳው መኪና በሮቹ ከእርስዎ ስልክ ይከፈታሉ።