ታዲየስ ስቲቨንስ ለባሪያ አሳዳሪም ጥብቅና ቆሟል

ወንድሜ፣ ባርነትን ስለተቃወመው የ19ኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካ ኮንግረስ አባል ስለ ታዲየስ ስቲቨንስ «ለባሪያ አሳዳሪ የተከራከረ ሰው እንዴት የጥቁሮች ባለውለታ ይባላል?» ብለሃል። አገር ቤት ጥብቅና ሠርቻለሁ፤ አሁን የምኖረው ደግሞ እሱ በኖረበት በፔንሲልቬንያ ነው። የበኩሌን ልበል።

ያነበብከው እውነት ነው። ስቲቨንስ ጌቲስበርግ ላይ ገና ወጣት ጠበቃ ነበር። ቻሪቲ በትለር የምትባል ሴት ነጻነቷን በፍርድ ቤት ጠየቀች። በፔንሲልቬንያ ሕግ፣ አሳዳሪው ከሌላ ግዛት አምጥቶ እዚያ 6 ወር ያቆየው ባሪያ ነጻ ይወጣ ነበር። እሱ ግን ለአሳዳሪው ቆመ። በ1821 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ፍርድ ቤቱ «6 ወሩ ያልተቆራረጠ መሆን አለበት» አለና ሴትዮዋ ተረታች።

«ጠበቃ ደንበኛ አይመርጥም» ይባላል። እኔም ያላመንኩበትን ፋይል ይዤ ችሎት ቆሜ አውቃለሁ። ግን ይሄ ማመካኛ ለስቲቨንስ የሚበቃ አይመስለኝም። ጉዳዩን እምቢ ማለት ይችል ነበር። ስለዚህ ያንን ክስ አላስተባብልለትም፤ የማየው ቀጥሎ የያዛቸውን ነው። ላንካስተር ገብቶ ላመለጡ ባሮች ተከራከረ። በ1851 ክርስቲያና ላይ ያመለጡ ሰዎችን ሊወስድ የመጣ አሳዳሪ ተገደለ። በዚህ ሰበብ በአገር ክህደት ለተከሰሰው ለካስትነር ሃንዌይ ከቆሙት ጠበቆች አንዱ ስቲቨንስ ነበር። ሃንዌይ በነጻ ተለቀቀ።

ከዚያ በፊትም በ1838 የግዛቷ አዲስ ሕገ መንግሥት ጥቁሮችን ከምርጫ ሲያስወጣ አልፈርምም ብሏል። መቃብሩን ላንካስተር ሄጄ አይቻለሁ። ሌሎቹ መካነ መቃብሮች በዘር ስለሚለዩ ይህንን መረጥኩ የሚል ጽሑፍ አለበት። ሲሞትም ግትር ነበር ማለት ነው።

ለእኔ ግን ትልቁ ነገሩ መሬቱ ነው። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ በኮንግረስ የአመጸኞቹ የደቡብ ባላባቶች መሬት ይወረስና ነጻ ለወጡ ሰዎች 40፣ 40 ኤከር ይታደል አለ። በመሬት ላራሹ ዘመን ላደገ ሰው ይሄ እንግዳ አይደለም። የራሱ ፓርቲ ሰዎች እንኳ ብዙዎቹ አልተከተሉትም። ሕግ የሰጠህን መብት ያለ እርሻ ማስጠበቅ ከባድ መሆኑን ከብዙዎቹ ቀድሞ የገባው ይመስለኛል።

ከጥያቄህ ስር «እዚህ ለተወለዱ ልጆቻችን ዜግነት የሰጠልን እሱ ነው» ያላችሁ፣ ትንሽ ይታረም። አሜሪካ ውስጥ የተወለደ ዜጋ ነው የሚለውን 14ኛውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በተወካዮች ምክር ቤት የመራው እሱ ነው። የዜግነቱ ዓረፍተ ነገር ግን የገባው በኋላ፣ በሴኔት ነው። ማሻሻያው የጸደቀው በሐምሌ 1868 ሲሆን እሱ የሞተው በነሐሴ ነው። እሱ ራሱ ማሻሻያውን ጎዶሎ ነው ይለው ነበር።