ቨርሳይን ተዪውና ቮ ለቪኮምት ውሰጃቸው

«እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ፓሪስን ላሳያት ነው። ቨርሳይ ግፊያ ነው ይሉኛል፤ ሌላ ደህና ሻቶ (የድሮ መኳንንት ቤተ መንግሥት መሰል ቤት) አለ?» ላልሽው እህቴ፦ አለ። ቮ ለቪኮምት ይባላል። ከፓሪስ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እኔና ባለቤቴ ባለፈው ሐምሌ ሄደን ነበር።

ታሪኩን ግን ባቡር ላይ እያላችሁ ንገሪያቸው። ያለዚያ ያማረ ቤት አይተው ይመለሳሉ። ያሠራው ኒኮላ ፉኬ የሉዊ 14ኛ የገንዘብ ሹም ነበር። በፈረንጆቹ ኦገስት 17 ቀን 1661 ለንጉሡ ድግስ ደገሰ። ቴአትር ጸሐፊው ሞሊየር አዲስ ቴአትር አሳየ፣ ርችት ተተኮሰ። ንጉሡ ገና የ22 ዓመት ወጣት ነው። የሹሙ ቤት ከራሱ በልጦ ሲያየው ደሙ ፈላ። ነገሩ እንኳ ከድግሱ በፊት የተጎነጎነ ነው፤ የፉኬ ተቀናቃኝ ኮልቤር «ይህ ሁሉ ገንዘብ ከየት መጣ?» እያለ የንጉሡን ጆሮ ሲነክስ ከርሟል። ሦስት ሳምንት አልሞላም፣ ልክ ንጉሡ 23 ዓመት በሞላበት ቀን ፉኬ ተያዘ። ፍርድ ቤቱ ከአገር ይባረር አለ። ንጉሡ ይህ አንሶት የዕድሜ ልክ እስራት አደረገው። «ንጉሥ አይከሰስ ሰማይ አይታረስ» ማለታቸው አይቀርም እናትሽ።

ከዚያ ንጉሡ የግድግዳ ምንጣፉን፣ ሐውልቱን፣ የብርቱካን ዛፉን ሳይቀር አስጫነ። አርክቴክቱን ለ ቮን፣ ሠዓሊውን ለ ብረንን፣ አትክልቱን የነደፈውን ለ ኖትርንም ወስዶ ቨርሳይን አሠራቸው።

እንቁላል ቅርጽ ያለው ትልቁ አዳራሽ ስትገቡ ቀና በሉ። ለ ብረን ጣሪያው ላይ ሊሥል ያሰበው ሥዕል ጌታው ሲታሰር ሳይሣል ቀርቷል። ግድግዳው ላይ ደግሞ ሽኮኮ ፈልጉ፤ የፉኬ ቤተሰብ ምልክት ናት። ባለቤቴ መቁጠር ጀምሮ ጠፋበት።

ቤቱ በኋላ ለዓመታት ሰው ሳይኖርበት ቆይቶ አትክልቱን አረም ውጦት ነበር። በፈረንጆቹ 1875 አልፍሬድ ሶምዬ የሚባል የስኳር ፋብሪካ ባለቤት በጨረታ ገዝቶ አደሰው። ለሕዝብ የተከፈተው በ1968 ነው፤ እስካሁንም በዘሮቹ እጅ ነው።

አትክልቱ አታላይ ነው። ከደረጃው ሲታይ ቅርብ ይመስላል። ወረድ ስትሉ ግን ያላያችሁት፣ 1 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ቦይ ፊታችሁ ተጋድሞ ታገኙታላችሁ። እኔ ታኮ ጫማ አድርጌ ግማሽ መንገድ ላይ ጫማዬን በእጄ ይዤ ነው የተመለስኩት። ለእናትሽ ጠፍጣፋ ጫማ አድርጊላቸው።

በባቡር ፓሪስ ካለው «ጋር ደ ለስት» ጣቢያ ተነስታችሁ «ቬርኖይ ሌታን» ጣቢያ ትወርዳላችሁ፤ ከዚያ አውቶቡስ አለ። በበጋቸው ቅዳሜ ማታ ቤቱን በሻማ ያበሩታል። ለዚያ ከሄዳችሁ የመመለሻውን አውቶቡስ ሰዓት ቀድመሽ አረጋግጪ፤ እኛ አምልጦን ታክሲ ኪሳችንን አራግፎታል።