ታፔላ መበስበስ የሚጀምረው ከማይታየው በኩል ነው

ውድ ወጣት ባለሙያዎች፣

ደጅ የሚሰቀል የእንጨት ታፔላ ስትሠሩ ሐሳባችሁ ሁሉ ፊቱ ላይ እንደሚሆን አውቃለሁ። አልፈርድባችሁም፤ ደንበኛውም አይቶ የሚከፍለው ለፊቱ ነው። ውሃ ግን መግቢያ የሚያገኘው በተቆረጡት ጫፎች፣ በጀርባው፣ በብሎን ቀዳዳውና በተቀረጸው ፊደል ሥር ነው። የምመክራችሁም ከሞላ ጎደል ስለ እነዚህ ቦታዎች ነው።

ስለ እንጨቱ ብዙ አልልም። ኤምዲኤፍና ችፑድ (ከእንጨት ብናኝና ስብርባሪ በኮላ ተጨምቀው የሚሠሩ ሰሌዳዎች) ለደጅ አይሆኑም፤ አንዴ ውሃ ጠጥተው ካበጡ ቢደርቁም ወደ ልካቸው አይመለሱም። ኮምፔንሳቶ ከሆነ ውሃ በማይፈታው ኮላ የተጣበቀ ይሁን። ጣውላ ከሆነ ደግሞ ደረቅ፦ በእርጥበት መለኪያ ከ15 በመቶ በታች፣ ቢቻል 12 አካባቢ። በእርጥብ ጣውላ ላይ የተቀባ ቀለም ፀሐይ ሲመታው ከውስጥ የሚወጣው እርጥበት ገፍቶ ያሳብጠዋል፤ ከዚያ ይላጣል።

ከመቀባታችሁ በፊት ቅርጹን አስተካክሉ። ቀለም ስለታም ጠርዝ ላይ ይሳሳል፣ መጀመሪያ የሚሰነጠቀውም እዚያ ነው፤ ስለዚህ ጠርዙን ሁሉ 3 ሚሊሜትር ያህል ክብ አድርጉት። የላይኛው ጠርዝ ውሃ እንዳይተኛበት 15 ዲግሪ ያህል ወደ ፊት ያዘንብል። በታችኛው ጠርዝ ሆድ ላይ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ 5 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ቦይ ብታወጡለት ውሃው ወደ ጀርባ ሳይዞር እዚያው ይንጠባጠባል።

በብርጭቆ ወረቀት ስትፈትጉ ከ80 ቁጥር ጀምራችሁ በ120 አልፋችሁ 150 ላይ ቁሙ። ከዚያ በላይ ማለስለስ ለቤት ውስጥ ዕቃ ያምራል፤ ለደጅ ግን ቀለሙ የሚይዘው ያጣል። የተፈተገ እንጨት ፀሐይ ላይ አይሰንብት። ሁለት ሦስት ሳምንት ራቁቱን ከቆየ የላዩ ሽፋን በፀሐይ ይደክማል፤ ቀለሙም የሚጣበቀው በደከመው ሽፋን ላይ ስለሚሆን አብሮት ይነሳል። የብሎን ቀዳዳውንም አሁኑኑ ብሱ፤ ከተቀባ በኋላ የተበሳ ቀዳዳ ውስጡ ራቁቱን ይቀራል።

አሁን ወደ ጫፎቹ። እንጨት ውሃ የሚስበው ክሩን ተከትሎ ነው፤ የተቆረጠ ጫፍ እንደ ታሰረ የገለባ እስር አፉን የከፈተ ነው። ስለዚህ እዚያ አንዴ መቀባት ብዙም አይጠቅምም። ቀጭን ኢፖክሲ (ከማጠንከሪያው ጋር ተቀላቅሎ የሚደነድን ፈሳሽ) ወይም በማቅጠኛ የቀጠነ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ መነሻ) በቡርሽ አስጠጡት። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ጠብቁና ተመልከቱ፦ አንዳንዱ ቦታ ያብረቀርቃል፣ ሌላው ደብዝዟል። የደበዘዘው ገና እየጠጣ ነውና ድገሙት፤ ጫፉ እኩል እስኪያብረቀርቅ አትተዉት። ብዙ ጊዜ ሦስት ዙር ይበቃዋል። የቀዳዳዎቹንም ውስጥ እንዲሁ። ኢፖክሲ ብቻውን ፀሐይን አይችልም፤ ቢጫ ይሆንና ይፈረፈራል፣ በላዩ ቀለም ወይም ፀሐይ የሚከላከል ቫርኒሽ ያስፈልገዋል።

ቀለም ወይስ ቫርኒሽ? የኔ ምርጫ ቀለም ነው። ብርሃን በቫርኒሹ ውስጥ አልፎ የእንጨቱን ክሮች ያያያዘውን ነገር ይሰብራል፤ ቫርኒሹ ራሱ ደህና ሆኖ ሳለ ከሥሩ ያለው እንጨት ይለቀዋል። ያኔ መደረብ አይረዳም፣ እስከ እንጨቱ መፋቅ ነው። ደንበኛው «የእንጨቱ መልክ ይታይልኝ» ካለ ለጀልባ የሚሠራውን ቫርኒሽ ተጠቀሙ። የመጀመሪያውን ዙር እኩል በእኩል አቅጥኑት፣ ሁለተኛውን በሩብ፣ ቀሪውን እንዳለ ቀቡት፤ ከ6 ዙር አታሳንሱ፣ በየመሃሉ በ220 ቀለል አድርጋችሁ ፈትጉ። በየዓመቱ መደረብ እንዳለበትም ከመጀመሪያው ንገሩት።

በቀለም ከሆነ አንድ ፕራይመርና ሁለት የላይ ዙር። ጉጥ ካለ ቀድማችሁ በሼላክ (በአልኮል በሚሟሟ የሙጫ ቫርኒሽ) ድፈኑት፤ አለዚያ ሙጫው በነጩ ቀለም ላይ ቢጫ ሆኖ ይወጣል። ጥቁርና ጠቆር ያሉ ቀለሞች እንጨቱን በጣም ስለሚያሞቁት ሙጫው የበለጠ ይፈሳል። ጀርባው የፊቱን ያህል ዙር ይቀባ። አንዱ ወገን እርጥበት እየሳበ ሌላው ከታሸገ ጣውላው መጣመሙ አይቀርም።

ለተቀረጸ ፊደል በዙሪያው ያለውን የታፔላውን ፊት አስቀድማችሁ ቀቡና ፊደሉን በሹል ቡርሽ ጨርሱት። ቀለሙ ወደ ጥልቁ እየወረደ ይጠራቀማል፤ የዘይት ቀለም ሲወፍር ላዩ ቶሎ ቆዳ ያወጣል፣ ሥሩ ጥሬ እንደሆነ ይቀራል፣ ከዚያ ይጨማደዳል። የተጠራቀመውን ሳይደርቅ በደረቅ ቡርሽ ጫፍ አንሱት።

የምትቀቡበት ሰዓትም ዋጋ አለው። ከ10 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ጥላ ውስጥ። አመሻሽ ላይ ደጅ ከቀባችሁ ጤዛ ያገኘዋል፤ ጠዋት አብረቅራቂው ቀለም ፈዝዞ ታገኙታላችሁ።

ሲሰቀል ከግድግዳው 15 ሚሊሜትር ያህል ይራቅ፣ ጀርባው አየር ያግኝ። ዙሪያውን በሲሊኮን መዝጋት ጥንቃቄ ይመስላል፤ የሚያደርገው ግን የገባውን ውሃ ማሰር ነው። ብሎኑ የማይዝግ ብረት ይሁን፤ ተራው ብሎን ከአንዳንድ እንጨት ጋር ተዋህዶ ጥቁር እንባ ያወርዳል። ጣውላ በወርዱ ስለሚያብጥና ስለሚኮማተር በአንድ ወገን ያለውን ቀዳዳ በወርዱ አቅጣጫ ሞላላ አድርጉት፤ ብሎኑንም እስኪጮህ አታጥብቁት።

በተልባ ዘይት ወይም በዘይት ቫርኒሽ የራሰ ጨርቅ ጨምድዳችሁ አትጣሉ። ሲደርቅ በራሱ ይሞቃል፣ እሳትም ይነሳል። ደጅ ነጠላ አድርጋችሁ ዘርጉት፣ ወይም ውሃ ባለበት ክዳናም ጣሳ ውስጥ ክተቱት።

ከተሰቀለ በኋላ ከዝናብ ወራት በፊት ሄዳችሁ የታችኛውን ሁለት ማዕዘንና የብሎኖቹን ዙሪያ እዩ። ስንጥቁ ገና ጥፍር የማይዝ ቀጭን መስመር ከሆነ በ150 ፈትጋችሁ፣ ፕራይመር አስነክታችሁ፣ አንድ ዙር ደርባችሁ ትመለሳላችሁ። ቀለሙ በጥፍር የሚነሳ ከሆነ ግን የላላውን ሁሉ ፍቃችሁ እንጨቱ እስኪደርቅ መጠበቅ አለባችሁ።