በትንሽ ብር መዘነጥ፦ ከልብስ ሰፊው ጋር ጥያቄና መልስ

ልብስ መስፋት ከጀመርኩ 19 ዓመቴ ነው። ከዚያ ውስጥ ሁለቱን ሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ጥራት ተቆጣጣሪ ሆኜ ወደ ውጭ የሚላክ ሸሚዝ ሳገላብጥ አሳልፌያለሁ፤ የቀረውን እዚሁ አዲስ አበባ በራሴ ሁለት መኪና። «ርካሽ ልብስ ለብሶ ማማር ይቻላል?» የሚለኝ ሰው ስለበዛ፣ የፈለጋችሁትን ጠይቁ አልኩ። ይኸው።

አስቀድሜ አንድ ነገር፦ ለልብስ የያዛችሁት ብር 10 ከሆነ 8ቱን ለልብሱ፣ 2ቱን ለሰፊው አስቀምጡ። ለራሴ ገበያ እየሳብኩ እንዳይመስላችሁ፤ ሰፈራችሁ ያለው ሰፊ ይበቃል።

ጥያቄ (ከሳሪስ)፦ ጋሼ፣ በሚቀጥለው ሳምንት የሥራ ቃለ መጠይቅ አለኝ። ሱፍ የለኝም፣ ብሩም ትንሽ ናት። ርካሹን አዲስ ልግዛ ወይስ ከሳልባጅ ጥሩውን ልፈልግ?

ሁለቱም ያስኬዳል። ወሳኙ ትከሻው ነው። ኮቱን ልበስና በጎንህ ግድግዳ ተጠጋ። ክንድህ ግድግዳውን ሳይነካ የኮቱ ትከሻ ቀድሞ ነክቶ ጫፉ ከተጨራመተ ሰፍቶሃል፤ አውልቀህ መልስ። ትከሻ ማጥበብ ማለት እጅጌውን ነቅሎ፣ ገበሩን ፈትቶ፣ እንደገና መግጠም ነው። ለዚያ የምትከፍለው ኮቱን ከገዛህበት ሊበልጥ ይችላል፤ እኔም ስጠየቅ «ሌላ ኮት ፈልግ» ነው የምለው።

ወገብ ማጥበብ ግን ቀላል ነው፤ ጠዋት ሰጥተህ ማታ ትወስዳለህ። እጅጌውን የሸሚዝህ ጫፍ አንድ ጣት ያህል ብቅ እስኪል አሳጥረው። ሱሪው ጫማህ ላይ አንዴ ተጠፍ ብሎ ይረፍ እንጂ አይቆለል። ሦስቱን ካስተካከልክ ዋጋውን የሚገምት ሰው አይኖርም።

ቀለሙን ጥቁር አታድርገው። ርካሽ ጥቁር ጨርቅ ቶሎ ያብለጨልጫል፣ አቧራም ይለቅምበታል። ጥቁር ሰማያዊ ወይም ደማቅ ያልሆነ ግራጫ ውሰድ፤ በሌላ ቀን ኮቱን ከጅንስ ጋር ለብቻው ትለብሰዋለህ።

ደግሞ የግራ እጅጌው ጫፍ ላይ በጥቂት ክር የተያዘች የፋብሪካ ምልክት ካለች አንሳት። ሱቅ ውስጥ እንድትታይ ነው የተለጠፈችው። ሙሽራ ሳይቀር ለብሷት ሲጨፍር አይቻለሁ።

ጥያቄ (ከጎንደር)፦ ሳልባጅ በሽታ ያመጣል እያሉ እናቴ ቤት አታስገባልኝም። ያ ሽታውስ በምን ይለቃል?

እናትሽ ልክ ናቸው፣ ሳይታጠብ አይለበስም። የውስጥ ሱሪና ካልሲ ደግሞ ቢታጠብም አትግዢ።

የቀረውን እንደገዛሽ በላስቲክ አስረሽ ውጭ አቆዪው። የጨርቁ ጽሑፍ የሚፈቅደውን ያህል በሞቀ ውሃና በኦሞ እጠቢ። ሽታው ካልለቀቀ በአንድ ባልዲ ቀዝቃዛ ውሃ ሁለት የሻይ ብርጭቆ አቼቶ ጨምረሽ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፊና አለቅልቂ። የአቼቶው ሽታ ሲደርቅ ይጠፋል። አቼቶና በረኪና በአንድ ባልዲ እንዳይገናኙ አደራ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ልብሱን ገልብጠሽ ፀሐይ ላይ አድርቂና ካውያውን በስፌቶቹ ላይ ረጋ እያልሽ አሳልፊ፤ የቅማል እንቁላል የሚደበቀው ስፌት ውስጥ ነው።

ስትመርጪ ደግሞ ከፊቱ አትጀምሪ። ብብቱን፣ የኮሌታውን እጥፋት፣ የሱሪውን መቀመጫና የጭን መሀል እይ። ወደ ብርሃን ከፍ አድርገሽ ያዢው፤ የሳሳ ቦታ እንደ ወንፊት ያሳያል። የጎደለ ቁልፍና የተበላሸ ዚፕ አያስፈራሽ፤ እንዲያውም ዋጋ ማስቀነሻ ነው። የብብት ቢጫ ግን ተይው።

ልባሽ ጨርቅ ለንግድ ማስገባት በአገራችን ክልክል መሆኑንም ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ለዚህ ነው ዋጋውም አቅርቦቱም የማይረጋው፤ ዛሬ ያየሽውን ዓይነት ነገ አገኘዋለሁ ብለሽ አትቁጠሪ።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ አዲስ ልብስ ስገዛ ጥራቱን በምን ልወቅ? ሻጩ ሁሉንም «የቱርክ ነው» ይለኛል።

ሀዋሳ እያለሁ ከእጃችን የማይለየው ነገር ሜትር ነበር። 2.5 ሴንቲ ሜትር ላይ ስንት ስፌት እንዳለ እንቆጥራለን። ደህና ሸሚዝ ላይ ከ10 በላይ ታገኛለህ። ስድስት ሰባት ከሆነ ፋብሪካው የቸኮለ ነው፤ ስፌቱ ሲሳብ ይተረተራል። አንተ በአውራ ጣትህ ወርድ ለካ፣ ይበቃል።

ቀጥሎ ኮሌታውን እጠፍና ሁለቱን ጫፎች አገናኝ፤ እኩል ካልሆኑ ተወው። ባለመስመር ከሆነ ኪሱ ላይ ያለው መስመር ከደረቱ መስመር ጋር መገጠሙን ተመልከት። መስመር መግጠም ጨርቅ ይበላል፤ የገጠመ ሰው ሌላውንም አልሰሰተም ማለት ነው። ሱሪ ከሆነ ገልብጥና በኋላ ወገቡ በኩል ትርፍ ጨርቅ ተትቶለት እንደሆነ እይ። ትርፍ ያለው ሱሪ ብትወፍርም ይሰፋልሃል።

«መቶ ፐርሰንት ኮተን ነው» ሲልህ፣ ቤት ገብተህ ከውስጥ ካለው የጨርቁ ጠርዝ (ከተሰፋበት ክር ሳይሆን ከራሱ ከጨርቁ) አንዲት ክር ምዘዝና በክብሪት ለኩሳት። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱ ይበናል። ፖሊስተር ይቀልጥና ጠጣር ጥቁር ፍሬ ይሆናል። ሱቁ ውስጥ ግን እንዳትሞክረው፤ አንዱ ደንበኛዬ ሞክሮ ተባሮ መጥቷል።

ጥያቄ፦ ፌክ ብራንድ መልበስ ያሳፍራል?

ደረቱ ላይ በትልቁ ካልተጻፈበት ማን ያውቃል? ጽሑፍ የሌለውን ግዛ።

ጥያቄ (ከመገናኛ አካባቢ)፦ የውጭ ልብስ ዋጋ የሚቀመስ አልሆነም። ጨርቅ ገዝቶ ማሰፋት አይሻልም?

በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ሁላችንም ቀምሰነዋል፤ ጨርቁም ክሩም አብሮ ነው የጨመረው። ስለዚህ መልሴ «እንደ ልብሱ» ነው። ሸሚዝ አታሰፊ። ኮሌታው፣ የኮሌታው እግር፣ ማሰሪያው፣ ኪሱ እያለ ብዙ ቁራጭ አለው፤ በዋጋ ከፋብሪካ ጋር መወዳደር አንችልም። ጉርድና ሱሪ ግን አሰፊ። ወርዱ 1.50 ከሆነ ጨርቅ ላይ 1.30 ሜትር ለመካከለኛ ቁመት ሱሪ ይበቃል። ሰውነትሽ ከላይ ቀጭን፣ ከታች ሞላ ያለ ከሆነ ደግሞ (የብዙ ሴቶቻችን እንደዚያ ነው) የተዘጋጀ ሱሪ ዳሌሽን ሲይዝ ወገብሽ ላይ ይከፈታል፤ የተሰፋ አንድ ሱሪ ከተዘጋጀ ሦስት ይሻልሻል።

ጨርቁን ከመርካቶ ከገዛሽ ቁራጭ ጠይቂ። ከጥቅል መጨረሻ የሚተርፍ ሜትር ተኩል፣ ሁለት ሜትር ጨርቅ በቅናሽ የሚሰጡ ሱቆች አሉ። ወደ እኔ ከማምጣትሽ በፊት ንከሪው፤ ከተሰፋ በኋላ ገብቶ «አጠበብክብኝ» የምትለኝ ደንበኛ አትጠፋም።

ጥያቄ (ከዱባይ)፦ ወንድሜ፣ ለሦስት እህቶቼ ልብስ መላክ እፈልጋለሁ። ቁጥራቸውን ስጠይቅ «ሚዲየም» ይሉኛል፣ የላክሁት ግን አይሆናቸውም።

ቁጥር አትጠይቂ፣ ሴንቲ ሜትር ጠይቂ። ሚዲየም ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። የሚመቻቸውን ልብስ አልጋ ላይ ዘርግተው የደረቱን ወርድ ከብብት እስከ ብብት፣ ወገቡን፣ ቁመቱን ለክተው ይላኩልሽ። አንቺ ሱቅ ውስጥ ልብሱን እንደዚያው ዘርግተሽ ትለኪያለሽ፤ ሜትሯን ቦርሳሽ ውስጥ ያዢ። ዋናው ቅናሽ በዱባይ ሾፒንግ ፌስቲቫል ጊዜ፣ ታኅሣሥና ጥር አካባቢ ነው፤ በሐምሌና ነሐሴ ደግሞ የበጋው ቅናሽ አለ። ናይፍ ሰፈር ገበያ ከሆንሽ ተከራከሪ። እንደ ማክስ ያሉ ትልልቅ የልብስ ሱቆች ጋ ዋጋው ቁርጥ ነው።

ጥያቄ (ከለንደን)፦ ከፕራይማርክ ውጭ ገዝቼ አላውቅም። ጓደኞቼ ከዛራና ከኤች ኤንድ ኤም ካልሆነ ልብስ አይመስላቸውም።

ፕራይማርክ፣ ለማታውቁት፣ የርካሽ ልብስ ሱቅ ነው፤ በፈረንጆች 1969 ደብሊን ውስጥ ነው የተጀመረው፤ አየርላንድ ውስጥ ዛሬም ስሙ ፔኒዝ ነው። እዚያ የሚሸምተው ሁሉም ዓይነት ሰው ስለሆነ አትፈር። ልዩነቱ የቱን ከየት እንደምትገዛ ማወቅ ነው። ካናቴራ፣ ካልሲ፣ ፒጃማ፣ የቤት ሹራብ ከዚያ ውሰድ። ካፖርትና ጫማ ላይ ግን ጨክንና ከፍ ያለ ቦታ ሂድ፣ በቅናሽ ጊዜ። በለንደን ብርድ ሰው ስድስት ወር የሚያየው ካፖርትህን እንጂ ውስጥህን አይደለም። የዛራም ቢሆን ትከሻው ካልገጠመ ለሳሪሱ ልጅ የመለስኩትን አንብብ።

ጥያቄ (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)፦ እዚህስ?

እኔ አላየሁትም፤ እህቴ እዚያው ስለሆነች የነገረችኝን ልንገርህ። ጉድዊል የሚባለው የልባሽ ልብስ ሻጭ ብዙ ሱቆቹ ውስጥ የዋጋው ወረቀት ቀለም አለው፣ የሳምንቱ ቀለም በቅናሽ ይሄዳል። ሮስ የሚባለው የቅናሽ ልብስ ሱቅ ማክሰኞ ማክሰኞ 55 ዓመት ለሞላቸው 10 በመቶ ይቀንሳል። እህቴ እማዬን ይዛ ነው የምትሄደው፤ እማዬ ወንበር ፈልገው ይቀመጡና ክፍያው ጋ ሲደርሱ ይጠራሉ።

ጥያቄ (ከሰሜን ሸዋ)፦ ለፋሲካ የሀበሻ ቀሚስ ፈልጌ ነበር፣ ሽሮ ሜዳ ዋጋው አስደነገጠኝ።

በዓሉ ሳምንት ላይ ሄደሽ ነዋ! ሁዳዴ እንደገባ ሂጂ። ሰርግ የለም፣ ሱቁ ጭር ይላል፣ ለመከራከርም ጊዜ አለሽ። ሌላው መንገድ፣ እናትሽ ሳጥን ውስጥ ያረጀ ቀሚስ ይኖራል። ፈትሉ ይበጣጠሳል እንጂ ጥለቱ ብዙ ጊዜ ደህና ነው። ጥለቱን በጥንቃቄ ፈትቼ አዲስ መነን ላይ የገጠምኩላት ልጅ ባለፈው ገና ከሁሉም የተለየች ሆና ታየች፤ የከፈለችው ለመነኑና ለእጄ ብቻ ነው። ለበዓል ከሆነ ግን ከሦስት ሳምንት በፊት አምጪ። ዋዜማ ላይ የመጣ ልብስ እንዴት እንደሚሰፋ ባልነግርሽ ይሻላል።

ጥያቄ (ያው ከሳሪስ)፦ ጋሼ፣ ኮቱን ከሳልባጅ አገኘሁት፣ ሳይለበስ የመጣ ነው መሰለኝ። ግድግዳውን ሞከርኩ፣ ገጥሟል። ምልክቷንም አነሳሁ። ግን ከኋላ ቅዱ ላይ በነጭ ክር የኤክስ ምልክት አለ፣ ኪሶቹም ተሰፍተዋል። የውሸት ኪስ ነው?

ጎሽ! የኋላው ኤክስ ጨርቁ በመንገድ እንዳይጣመም የታሰረበት ነው፤ ዛሬውኑ ፍታው። ኪሶቹም ብዙ ጊዜ እውነተኛ ናቸው። የደረቱን ፍታና የጎኖቹን እንደተሰፉ ተዋቸው፤ ከተከፈቱ ስልክና ቁልፍ ትከትባቸዋለህ፣ ኮቱም በሳምንቱ ይረግባል። በመቀስ እንዳትሞክር። በምላጭ ጫፍ፣ ክሩን ከጨርቁ አንስተህ፣ አንድ በአንድ።