መልስ፦ ዘፋኙ ከፈቀደልኝ በኢንተርኔት ሬዲዮዬ ላይ ማጫወት እችላለሁ?

ዘፋኙ "አጫውተው" ካለኝ ይበቃል ወይ ላልከው፣ ሁልጊዜ አይበቃም። አንድ ዘፈን ሁለት መብት አለው፤ የግጥምና ዜማው አንድ፣ የተቀዳው ድምፅ ሌላ። በግሉ የሚሠራ ሙዚቀኛ ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ይይዛል። ዜማውን ሌላ ሰው ሰጥቶት ከሆነ ግን የዚያም ሰው ፈቃድ ያስፈልግሃል።

ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ። ሙዚቀኛው የሮያሊቲ (ሥራው ሲጫወት ለባለመብቱ የሚከፈል ገንዘብ) ሰብሳቢ ማኅበር አባል ከሆነ መብቱን ለማኅበሩ አስተላልፎ ሊሆን ይችላል። ያኔ እሱ በነፃ ቢፈቅድልህም ማኅበሩ ሊያስከፍልህ ይችላል። መጀመሪያ ይህንን ጠይቀው።

ሙዚቀኛው ክፍያ ከፈለገ፣ በተጫወተ ቁጥር ወይም ከገቢህ በመቶኛ መስማማት ትችላላችሁ። እኔ ለትንሽ ጣቢያ መቶኛው ይሻላል ባይ ነኝ፤ ገቢ ከሌለ ዕዳ አይከመርም። ፈቃዱን በጽሑፍ ያዝ፣ ኢሜይልም ቢሆን። ያጫወትከውንም በቀንና በሰዓት መዝግብ፤ አለበለዚያ ለማን ስንት እንደሚደርስ አታውቅም።