ለኤልክ አደን የግድ ማግነም ያስፈልጋል ወይ?

ጥያቄ፦ ነዋሪነቴ በኮሎራዶ ግዛት በአውሮራ ከተማ ነው። በመጪው ጥቅምት ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ኤልክ የተባለውን፣ ከአጋዘን ወገን የሆነ ግዙፍ እንስሳ ለማደን አስቤአለሁ። እስካሁን አጋዘን ያደንኩበት ጠመንጃ 30-06 ስፕሪንግፊልድ ሲሆን፣ ባልደረቦቼ ግን «ለኤልክ ያለ ማግነም (ባሩዱ የበዛ ኃይለኛ ጥይት) አይሆንም» እያሉ 300 ዊንቸስተር ማግነም ወይም 7 ሚሊ ሜትር ሬሚንግተን ማግነም እንድገዛ ይወተውቱኛል። የትኛውን ቢመርጡልኝ ይሻላል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በእጅዎ ያለው ጠመንጃ ይበቃዎታል። የኮሎራዶ ደንብ ለኤልክ የሚጠይቀው ካሊበሩ (ውፍረቱ) ከ6 ሚሊ ሜትር ያላነሰ፣ ሲመታ የሚከፈት፣ ክብደቱ ቢያንስ 85 ግሬን (5.5 ግራም ገደማ) የሆነ አረር እና በ100 ያርድ (91 ሜትር ገደማ) ርቀት ላይ 1000 ፉት ፓውንድ ጉልበት ነው፤ በ30-06 የሚተኮስ ባለ 180 ግሬን አረር ይህን የጉልበት መጠን በእጥፍ ያልፈዋል።

ማግነም የሚጨምርልዎ ነገር ፍጥነት ነው። ያው ባለ 180 ግሬን አረር ከ30-06 አፈሙዝ በሴኮንድ 820 ሜትር ገደማ፣ ከ300 ዊንቸስተር ማግነም ደግሞ 900 ሜትር ገደማ ይወጣል። ሁለቱም ጠመንጃዎች በ200 ያርድ ላይ ያነጣጠሩበትን ነጥብ እንዲመቱ ቢስተካከሉ፣ በ300 ያርድ ላይ በአረሮቹ መውረድ መካከል ያለው ልዩነት 5 ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ የኤልክ ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ ደግሞ ከዚህ እጅግ የሰፋ ነው። ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ከ400 ያርድ በላይ ሲሆን፣ ዳገት ወጥቶ ትንፋሹ የተቆራረጠ አዳኝ በዚያ ርቀት ባይተኩስ ይመረጣል።

ለዚህ ፍጥነት የሚከፈለው ዋጋ ርግጫው ነው። ክብደታቸው እኩል በሆኑ ጠመንጃዎች የ300 ማግነም ርግጫ ከ30-06 ቢያንስ በሩብ ያህል ይበልጣል፤ ትከሻው የተመታ ተኳሽም ሳያውቀው መሸማቀቅ ይጀምራል። ይህን በራስዎ ላይ ለማየት ከፈለጉ፣ በተኩስ መለማመጃ ሜዳ አንድ ወዳጅዎ ጠመንጃውን አንዳንዴ ጥይት አጉርሶ፣ አንዳንዴም ባዶውን፣ ሳይነግርዎ ያቀብልዎት። ባዶው ላይ ቃታውን ሲስቡ አፈሙዙ ወደ ታች ከደፋ፣ ዓይንዎም ከተጨፈነ፣ ችግሩ ያለው ከጥይቱ ዘንድ አይደለም። ሆዱን የተመታ 300 ኪሎ ግራም የሚመዝን ወንድ ኤልክ ጥቅጥቅ ወዳለ ጫካ ገብቶ ለሰዓታት ተሠቃይቶ ሊሞት ይችላልና፣ የትኛውም ማግነም ይህን ስሕተት አያርምም።

ስለዚህ ለአዲስ ጠመንጃ የመደቡትን ገንዘብ ለልምምድና ለጥሩ አረር ቢያውሉት እመክራለሁ። ሙሉ በሙሉ ከመዳብ የተሠራ፣ ወይም እርሳሱ ከመዳብ ሽፋኑ ጋር የተጣበቀ፣ ከ165 እስከ 180 ግሬን የሚመዝን አረር ይፈልጉ። ለአጋዘን ተብሎ የተሠራ ስስ አረር በማግነም ፍጥነት ከቅርብ ሲተኮስ የትከሻ አጥንት ላይ ተሰባብሮ ሊቀር ይችላል።

አሁንም ማግነም ካሰኘዎት ምርጫዬ በ1962 የወጣው 7 ሚሊ ሜትር ሬሚንግተን ነው፤ በ160 ግሬን አረር ርቆ ይመታል፣ በዓመቱ ከተከተለው ከ300 ዊንቸስተርም ርግጫው ይቀላል። ከእነዚህ በላይ ያሉት፣ ለምሳሌ የ1912ቱ 375 ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ፣ ጎሽን ለመሳሰሉ አደገኛ አውሬዎች ይቆዩ።

ጥያቄ፦ 300 ዊንቸስተር ሾርት ማግነም የተባለውን ጥይት በ300 ዊንቸስተር ማግነም ጠመንጃ መተኮስ ይቻላል?

መልስ፦ በፍጹም አይቻልም። ካሊበራቸው አንድ ቢሆንም፣ አጭሩ ጥይት ቀለሁ ወፍራምና ሥሩ ላይ ቀለበት የሌለው በመሆኑ፣ የሚጎርስበት ክፍል ሌላ ነው። በማይመጥነው ጠመንጃ የተተኮሰ ጥይት ቀለሁ ተቀዶ ተኳሹን ሊጎዳ ስለሚችል፣ በበርሜሉ ላይ የተቀረጸው ስም በቀለሁ ሥር ከተጻፈው ጋር መግጠሙን ሳያረጋግጡ አያጉርሱ።